የከተማ ቦታ ታሪክ በጥንታውያን የሽያጭ ጽሑፎች፤ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር

የአንድን ከተማ ቦታ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ቦታው የማን ነበር?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል። ዛሬ በባሕር ዳር «ካርታ» ተብሎ ከሚጠራው ወረቀት ተነሥቶ፥ ከገዥ ወደ ሻጭ፥ ከልጅ ወደ አባት እየተሻገረ ወደ ኋላ ቢሄድ፥ በመጨረሻ ከመጀመሪያው ባለቤት ዘንድ የሚደርስ ይመስለዋል። ነገር ግን በጣና ዙሪያ ይህ መንገድ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በየዘመኑ የተጻፉት ጽሑፎች ስለ አንድ ዓይነት መብት የሚናገሩ አይደሉም፤ አንደኛው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያለበትን መሬት፥ ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤት የመራውን ቦታ፥ ሦስተኛው ደግሞ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ በላዩ የቆመውን ቤት ይመለከታል። ስለዚህ መርማሪው የባለቤቱን ስም ከመፈለጉ አስቀድሞ፥ ጽሑፉ የሚመሰክርለት መብት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ይህን ሳያደርግ የቀረ እንደ ሆነ የዛሬውን አሳብ በጥንቱ ሰው አፍ ውስጥ ያገባል።

ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ ሽያጭ

በአገራችን ስለ መሬት የተጻፉት ጥንታውያን ጽሑፎች በብዛት የሚገኙት ለብቻው በተዘጋጀ መዝገብ ሳይሆን በቅዱሳት መጻሕፍት፥ ይልቁንም በአራቱ ወንጌል፥ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነው። ልማዱ እጅግ የቆየ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳተመው የሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተሰጡ የመሬት ስጦታዎችን የያዘ ነው። ሀንቲንግፎርድም እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ ባሳተመው መጽሐፍ የሰሜን ኢትዮጵያን የመሬት ስጦታ ጽሑፎች ሰብስቦ ተርጕሟል።

ወንጌል የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። መጽሐፉ የደብሩ ክቡር ንብረት ስለ ሆነ በጥንቃቄ ይጠበቃል፤ በምእመናን ፊት የሚነበብ ስለ ሆነ ከእርሱ ላይ መፋቅ ወይም መጨመር እንደ ድፍረት ይቈጠራል። በስጦታው መጨረሻም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ስጦታውን የሚያፈርስ ሰው ይወገዛል። በእንግሊዝ አገር ባለርስቱ የሽያጭ ውሎቹን በገዛ ቤቱ ወይም በጠበቃው ዘንድ ያስቀምጥ ነበር፤ በጎንደርና በጣና አካባቢ ግን ማስረጃው በገዥው እጅ ሳይሆን በደብሩ ዕቃ ቤት ይኖራል። ስለዚህ የቦታው ታሪክና የደብሩ ታሪክ ሊለያዩ አይችሉም።

የመሬት ስጦታ ጽሑፍና የሽያጭ ጽሑፍ ግን አንድ አይደሉም። ስጦታ ከንጉሥ ወይም ከመኳንንት ወደ ደብር የሚወርድ ሲሆን፥ የሚሰጠውም በአብዛኛው ጉልት፥ ማለት ከአገሩ ግብር የመቀበል መብት ነው። ሽያጭ ግን በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ነው። እንዲህ ያሉት የሽያጭ ጽሑፎች በብዛት መታየት የጀመሩት ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ከሆነች በኋላ፥ ይልቁንም በ18ኛው መቶ ዓመት በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ነው።

ሪም ምን እንደ ነበረ

በእነዚህ የጎንደር ጽሑፎች የሚሸጠውና የሚለወጠው መሬት በብዛት ሪም የሚባለው ነው። ሪም ማለት ለደብር ከተሰጠው መሬት ተከፍሎ ለካህናት፥ ለመኳንንትና ለወይዛዝርት የሚደርስ ድርሻ ሲሆን፥ ባለድርሻው በምትኩ ለደብሩ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት። ካህን የሆነ እንደ ሆነ ራሱ ይቀድሳል ወይም ማኅሌት ይቆማል፤ ካህን ያልሆነ ወይም ሴት የሆነች እንደ ሆነ በስፍራው የሚያገለግል ሰው ታቆማለች። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቍስቋም ደብር መሬት በዚህ ዓይነት ለካህናትና ለቤተ መንግሥት ሰዎች ተከፋፍሎ ነበር።

ስለዚህ የሪም መሬት የገዛ ሰው መሬቱን ብቻ አይደለም የሚገዛው፤ ከመሬቱ ጋራ የተያያዘውንም አገልግሎት አብሮ ይረከባል። ሽያጩ በደብሩ አለቃ፥ በገበዙና በሌሎች ሹማምንት ፊት ተደርጎ በደብሩ መጽሐፍ መግባቱም ስለዚህ ነው። ደብሩ ሊያውቅ የሚሻው የመሬቱን ስፋት ሳይሆን፥ ከእንግዲህ ወዲያ አገልግሎቱ የሚጠየቀው ከማን እንደ ሆነ ነው። ይህን የዘነጋ አንባቢ የ18ኛውን መቶ ዓመት ጎንደር እንደ ዛሬ ያለ የመሬት ገበያ የነበረባት ከተማ አድርጎ ይመለከታታል። በሌላም ወገን፥ ገንዘብ ተከፍሎበት፥ ምስክር ተጠርቶበት፥ ለልጅ የሚተላለፍ መብት መኖሩን አይቶ «በጥንት ዘመን መሬት አይሸጥም ነበር» የሚለውን የተለመደ አነጋገር እንዲያው መቀበል አይቻልም። የሪምን ሽያጭ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰፊው የመረመረው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው መጽሐፉ ይህን ጉዳይ አብራርቶ ጽፏል። እርሱው እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ሌላ ጥናት፥ ሴቶች በሻጭነትም፥ በገዥነትም፥ በወራሽነትም በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ጕልህ ስፍራ እንደ ነበራቸው አሳይቷል። ዜና መዋዕሎቹ ከእቴጌዎችና ከልዕልቶች በቀር የሴት ስም እምብዛም የማይጠሩ ስለ ሆነ፥ የወንጌሉ ኅዳግ ለማኅበራዊ ታሪክ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ከፍ ያለ ነው።

ጽሑፉን የማንበብ ዘዴ

የሽያጩ ጽሑፍ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መስመር አያልፍም። ቋንቋውም አማርኛና ግእዝ የተቀላቀለበት ሲሆን፥ መግቢያው ወደ ግእዝ፥ የነገሩ ዋና ክፍል ወደ አማርኛ ያደላል። በውስጡ የሚገኙት ነገሮች ዘመኑ፥ የንጉሡና የሹማምንቱ ስም፥ ሻጩና ገዥው፥ የተሸጠው ቦታ፥ ዋጋው፥ ዋሱና እማኞቹ ናቸው። ከእነዚህ እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ችግርና ጥቅም አለው።

ዘመኑ አዘውትሮ የሚነገረው በወንጌላዊ ስም ነው። አራቱ ወንጌላውያን በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለሱ፥ የንጉሡ ስም ከተጨመረ ዓመቱን በጥቂት አማራጮች መወሰን ይቻላል። ለምሳሌ አንድ ጽሑፍ በዳግማዊ ኢያሱ መንግሥት በዘመነ ዮሐንስ ተደረገ የሚል ቢሆን፥ ንጉሡ ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም. ስለ ነገሡ፥ ዘመነ ዮሐንስም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪ የማይገኝበት ዓመት ስለ ሆነ፥ ሊታሰቡ የሚችሉት 1724፥ 1728፥ 1732፥ 1736፥ 1740 እና 1744 ዓ.ም. ብቻ ናቸው። ከዚህ በኋላ የጳጳሱ፥ የእጨጌው ወይም የደብሩ አለቃ ስም ከስድስቱ አንዱን ለመምረጥ ይረዳል። ጸሐፊው «ኢያሱ» ብቻ ብሎ ያለፈ እንደ ሆነም፥ ቀዳማዊው አድያም ሰገድ፥ ዳግማዊው ብርሃን ሰገድ መባላቸውን ማስታወስ ይገባል።

የቦታው ወሰን በልክ አይነገርም፤ የሚነገረው በአዋሳኝ ነው። ቦታው በምሥራቅ ከእገሌ፥ በምዕራብ ከእገሊት ይዋሰናል ይባላል። ይህ ለቀያሽ የማይጠቅም ቢመስልም ለታሪክ መርማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው። በአንዱ ጽሑፍ አዋሳኝ የሆነው ሰው በሌላው ጽሑፍ ሻጭ፥ በሦስተኛው እማኝ ሆኖ ይገኛል። ከአንድ ደብር መጽሐፍ የተቀዱትን ጽሑፎች ጐን ለጐን አስቀምጦ ስሞቹን ያመሳከረ ሰው፥ የአንዲቱን ቦታ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ሁሉ አቀማመጥ ሊያወጣ ይችላል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው፥ ቦታ ባለቤቱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላም በስሙ መጠራቱን የማይተው ስለ ሆነ ነው። «የእገሌ ቦታ» የሚለው ቃል ሰውየው በሕይወት እንደ ነበረ ማስረጃ አይሆንም።

ዋጋውም ዘመንን ያመለክታል። በመጀመሪያ ጊዜ ወቄት ወርቅና አሞሌ ጨው ይጠቀሳሉ፤ ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ግን የማርያ ቴሬዛ ብር እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ስለ ቀድሞ ንጉሥ ዘመን የሚናገር ጽሑፍ ዋጋውን በማርያ ቴሬዛ ብር የሚያወሳ እንደ ሆነ፥ በኋለኛ ዘመን የተገለበጠ እንዳይሆን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የጽሑፉ ኃይል ያለው በእማኞቹ ነው። ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ ዳኛው የሚጠይቀው ስማቸው የተጻፈውን ሰዎች ወይም ልጆቻቸውን ነው። ጽሑፉ ራሱን ችሎ መብት የሚፈጥር ሰነድ ሳይሆን፥ ማንን ጠርቶ መጠየቅ እንደሚገባ የሚያስታውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራልያ በሮበርት ቶረንስ አሳብ የተጀመረው ሥርዓት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዚያ መብቱ የሚመነጨው በመንግሥት መዝገብ ላይ ከመጻፉ ነው። በኢትዮጵያም የኋላ ኋላ የመጣው አሳብ ወደዚህኛው ያዘነበለ ስለ ሆነ፥ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ለቀረው ነገር ሁሉ ቁልፍ ነው።

የጽሑፎቹ መበተን

የጎንደር ቦታ ታሪክ በጎንደር ብቻ ተቀምጦ የሚጻፍ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲያቃጥሉና አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያስበረብሩ ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፥ ከዚያ ከተገኙት መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዊልያም ራይትም እ.ኤ.አ. በ1877 ዝርዝራቸውን አሳተመ። ከእነዚህ ውስጥ በጎንደር አድባራት የተጻፉ የመሬት ጽሑፎችን የያዙ አሉ። ስለዚህ በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ቦታ የገዛች አንዲት ሴት ማስረጃዋ ዛሬ የሚገኘው በለንደን ሊሆን ይችላል። ከዚያም በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያጠፉ በየአድባራቱ የቀረው ብዙ መጽሐፍ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋራ ተቃጠለ።

የጣና ደሴቶች ግን በውሃ ስለ ተከበቡ መጻሕፍታቸውን ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጠብቀዋል። ክብራን ገብርኤል፥ ዳጋ እስጢፋኖስና ሬማ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 ከጣና ገዳማት መጻሕፍት 182ቱን በማይክሮፊልም አስነሥቷል፤ ዝርዝራቸውም እ.ኤ.አ. በ1973፥ በ1977 እና በ1999 በሦስት ክፍል ታትሟል። ነገር ግን የገዳም መሬት በማኅበር የሚያዝ ስለ ሆነ፥ ከእነዚህ መጻሕፍት የሚጠበቀው ስጦታና ጉልት እንጂ እንደ ጎንደር ያለ የግለሰቦች የቦታ ሽያጭ አይደለም። በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ያለችው ቆራጣ ግን ነጋዴዎች የሚኖሩባት፥ በወለተ ጴጥሮስም ስም የተከበረች የመማፀኛ ከተማ ስለ ነበረች፥ በደሴት ገዳምና በነገሥታት ከተማ መካከል ያለች ሆና ልትመረመር ይገባታል።

ባሕር ዳር፤ መዝገብ ሳይቀድመው ያደገ ከተማ

ባሕር ዳር እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። በደብሩ ቅጥር የሚገኘው ለፔድሮ ፓኤዝ የሚሰጠው ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ፥ ስፍራው ከድሮ ጀምሮ የታወቀ እንደ ነበረ ያመለክታል። ከደብሩ ይዞታ ውጭ ያለው የጎጃም መሬት ርስት ነው። ርስት ከአንድ አቅኚ አባት ወይም እናት የመወለድ መብት ስለ ሆነ፥ ማስረጃው የትውልድ ቈጠራ እንጂ ወረቀት አይደለም፤ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ደጋ ዳሞት ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፥ የአንድ ሰው ድርሻ በዘመዶቹ መካከል በሚደረግ ክርክር ይሰፋል ወይም ይጠባል። የጎጃም ገበሬ የመሬት ልኬትን አጥብቆ የተቃወመውና በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት እስከ መሸፈት የደረሰው፥ ቀላድ ሲገባ ይህ መብት ይጠፋል ብሎ በመስጋቱ ጭምር ነበር።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣልያ ጦር ባሕር ዳርን የአስተዳደርና የጦር ሰፈር አደረጋት። መንገድ ወጣ፥ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፥ በጣናም ላይ የሞተር ጀልባ ተመላለሰ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ የቀረው የከተማ መልክ እንጂ ከቀድሞው ባለርስት ጋራ የተያያዘ የቦታ ታሪክ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቍጥር 74 ለከተሞች ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። በኢጣልያ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም.፥ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈቱ፥ በጀርመን ባለሙያዎችም የከተማው ፕላን ሲዘጋጅ፥ የርስት መሬት በፍጥነት የከተማ ቦታ ሆነ። በዚህ ሽግግር ጊዜ አንዱ መብት ወደ ሌላው አልተዛወረም፤ አንዱ ሲቀር ሌላው በስፍራው ተተካ። ስለዚህ ከማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ወደ ኋላ የሚሄድ መርማሪ የመጀመሪያውን ምሪት ሲያገኝ የመጀመሪያውን ባለቤት ያገኘ ሊመስለው አይገባም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን አዝዞ፥ ከቍጥር 1553 እስከ 1646 ድረስ የመሬት መዝገብን ሥርዓት በዝርዝር ደነገገ። ሆኖም በቍጥር 3363 የመዝገቡ ድንጋጌዎች ወደ ፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጸኑ ድረስ እንዲቆዩ ተደረገ። በዚህ ምክንያት የዚያን ዘመን ማስረጃ ከአንድ መዝገብ ሳይሆን ከተለያየ ስፍራ፥ ማለት ከማዘጋጃ ቤት ማኅደር፥ ከፍርድ ቤት መዝገብና ከግብር ደረሰኝ መሰብሰብ ግድ ይሆናል። የግብር ደረሰኝ ከፋዩን እንጂ ባለመብቱን በርግጥ የማያሳይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ የቦታ ሽያጭ ጽሑፍ ታሪክ አበቃ። አንድ ቤተ ሰብ ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታና አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ ትርፍ ቤቶችም እንደ ኪራያቸው መጠን በቀበሌና በኪራይ ቤቶች ድርጅት እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ውል የቤት እንጂ የመሬት አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑን አጸና።

በየትኛውም ጽሑፍ ስማቸው ያልተነሣ

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ጽሑፍ ስላላቸው ሰዎች ነው። በጣና ዳር ግን ጽሑፍ የሌላቸውም ኖረዋል። ወይጦዎች ጉማሬ በማደን፥ ዓሣ በማጥመድ፥ ከደንገል ታንኳ በመሥራትና የወፍጮ ድንጋይ በመቅረጽ ሲኖሩ፥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት፥ ቺዝማንም እ.ኤ.አ. በ1936 በታተመው መጽሐፉ በሐይቁ ዳር መኖራቸውን መስክረዋል። ነገር ግን ርስት ከአቅኚ አባት በመወለድ፥ ሪምም በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚገኝ ስለ ነበረ፥ በሁለቱም በኩል በሩ ተዘግቶባቸው ኖረ። የባሕር ዳር ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ 96,140፥ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ደግሞ 155,428 ሆኖ የሐይቁ ዳርቻ ከከተማው ሁሉ የሚፈለግ ስፍራ ሲሆን፥ ረጅም ዘመን የኖሩበት ሰዎች ለመኖራቸው የሚያቀርቡት ወረቀት አለመኖሩ የታሪክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ጽሑፍ አለመኖሩ መብት እንዳልነበረ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ የሚያመለክተው መብት በጽሑፍ የሚገባበት መንገድ ለማን ክፍት እንደ ነበረ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 818 እያንዳንዱ ቍራሽ መሬት ተለክቶና ተረጋግጦ በመዝገብ እንዲገባ አዝዟል። ሥራው ለከተሞች ጥቅም ያለው መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን መብቱ በአዲሱ መዝገብ ከገባ በኋላ፥ የቀድሞው የማዘጋጃ ቤት ማኅደር፥ የፍርድ ቤት ውሳኔና ደረሰኝ ጥቅሙ እንዳለቀ ወረቀት ተቈጥሮ ሊጣል ይችላል። ለመዝጋቢው ያለቀ ጉዳይ ለታሪክ መርማሪ ገና መጀመሩ ነው። ስለዚህ በየከተማው ምዝገባው ሲፈጸም አሮጌው ማኅደር ሳይበተን በቤተ መዛግብት እንዲቀመጥ፥ የየአድባራቱ የወንጌል ኅዳግ ጽሑፍም ከነአዋሳኙና ከነእማኙ ስም እንዲገለበጥ፥ ጽሑፍ የሌላቸውም ሽማግሌዎች ቃል እነርሱ በሕይወት ሳሉ እንዲመዘገብ ማድረግ ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ሲነበቡ፥ «ቦታው የማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ከአንድ ስም ይልቅ፥ በአንዲት ቦታ ላይ ተደራርበው የኖሩ የብዙ ሰዎች መብት መልስ ሆኖ ይገኛል።